ሲጋራ መሸጥ ያቆመችው እትዬ ብርቄ

ስልኩ ሲደወል በደሳ ከተማ ነበርኩ። ለአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ልለካ ሄጄ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ አነሳሁት። የደወለችው ትግስት ናት፤ የእትዬ ብርቄ ትልቋ ልጅ። «ጋሼ ኑሬ፣ እማዬ አረፈች» አለችኝና ድምፅዋ ተቆረጠ። «ኢና ሊላሂ» ብዬ መቀመጫ ፈለግሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ውሃ አምጥቶ ሰጠኝና ማን እንደሞተብኝ ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ቸገረኝ። እናቴ አይደለችም፤ እህቴም አይደለችም፤ በሃይማኖትም አንገናኝም። «ጎረቤቴ ናት» አልኩት። ቃሉ አነሰብኝ።

ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ፣ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁለት በር አለ። አንደኛው የእኔ ልብስ ስፌት ነው፤ ሁለተኛው የእትዬ ብርቄ ሻይ ቤት ነበር። የስፌት መኪናዬን በረንዳው ላይ አውጥቼ ስለምሠራ ወደ እሷ የሚገባውም የሚወጣውም በፊቴ ያልፋል። ስንጎራበት መጀመሪያ አካባቢ «እርስዎ» እላት ነበር። አንድ ቀን ብርጭቆ እያጠበች ቀና አለችና፣ «ኑሬ፣ እኔ እዚህ የተከራየሁት ላረጅ አይደለም። አንቺ በለኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እትዬ እያልኩ፣ አንቺ እያልኩ ኖርን።

ቀጠን ያለች ሴት ነበረች። ሻሿን ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋ ታስራለች። ሰው ሲያወራት አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል ታደርጋለች፤ ያኔ የሚያወራው ሰው ሳያስበው ብዙ ይናገራል። አጠገቧ ሲቆሙ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ትሸታለች። ለጥርሴ ነው ትል ነበር።

የሻይ ቤቱ ደንበኞች ጫኝና አውራጆች፣ የጫት መኪና ሾፌሮች፣ ከቦኬና ከቦርደዴ መጥተው መኪና የሚጠብቁ ገበያተኞች ነበሩ። ከሻዩ ይልቅ ደህና ገቢ የምታገኘው ከሲጋራ ነው። ፓኮውን ከፍታ ሲጋራዎቹን በብርጭቆ አቁማ በነጠላ ትሸጣለች። ፓኮ ሙሉ የሚገዛ ደንበኛ እምብዛም አልነበራትም። አንድ ፍሬ የሚገዛው ግን ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል።

እሷ ታዲያ ሻጭ ሆና የሻጭ ጠባይ አልነበራትም። ሰው ሲጋራ ሲጠይቃት እጇ ወደ ብርጭቆው ከመሄዱ በፊት ፊቱን ታያለች። «ምን ሆንክ?» ትላለች። ሾፌሩ የመኪናው ባለቤት እንዴት እንደሰደበው ይነግራታል። ገበያተኛዋ ፍየሏ ሳትሸጥ መዋሏን ትነግራታለች። ከዚያ ሲጋራውን ትሰጣለች። አንድ ጊዜ፣ «አንቺ ሲጋራ ነው የምትሸጪው ወይስ ፖሊስ ነሽ?» ብዬ ስቀልድባት ሳትስቅ መለሰችልኝ። «ኑሬ፣ ይሄን የሚገዛኝ ሰው ትንሽ እረፍት ነው የሚገዛው። ሌላ ቦታ የሚሸጥለት ሰው ስላጣ እኔ ጋ ይመጣል።»

መንገዱ እየተዘጋ የጫት መኪና የቀነሰበት ወቅት ነበር። ጫኞቹ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳዬ ጥግ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ሥራ የለም። እኔ ሥራ ከሌለ ሲጋራም ይቀንሳል ብዬ ነበር የማስበው። ተቃራኒው ሆነ። አንዷን ሲጋራ ለአራት ለአምስት እየተቀባበሉ፣ ጣታቸውን እስክታቃጥል ድረስ ይስቧታል። እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው ቆየችና፣ «ጠግበው በዋሉ ቀን እኮ እንዲህ አይጠይቁኝም» አለችኝ።

ከመካከላቸው ሙሜ የሚባል ነበር። የቦኬ ገበሬ ነው። ዝናቡ እምቢ ሲለው ሚስቱን ሐሊማንና ሕፃን ልጁን እናቱ ጋ ትቶ ለጭነት ሥራ ጭሮ ወረደ። አማርኛውን እዚሁ መናኸሪያ ነው የለመደው። እትዬ ብርቄን «አዳዳ» ይላታል፤ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። እሷም ኦሮምኛ አሳምራ ትናገር ስለነበር አንዱን ከአንዱ እየቀላቀሉ ያወራሉ።

አንድ ጠዋት ሙሜ ሲጋራ ጠየቃት። ዳቦ አንስታ ያዘችለት። «መጀመሪያ ይሄን ብላ» አለችው።

«ዳቦ አልፈልግም፣ አዳዳ።»

«ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ?»

ሙሜ አፍሮ መሬት መሬት አየ። «ዳቦ ከበላሁ ምሳ ደግሞ ይርበኛል። ሲጋራ ሆድን ዝም ያሰኛል። የቀረውን ለሐሊማ እልካለሁ» አላት።

እሷ ዳቦውንም ሲጋራውንም ሰጠችው። ወደ ውስጥ ገብታ ብዙ ሳትወጣ ቆየች።

ሙሜ ሳል ጀምሮት ነበር። ሁላችንም የአቧራ ነው፣ የሲጋራ ነው እያልን አልፈነዋል። አንድ ቀን ከመኪና ጆንያ አውርዶ ሲመለስ በረንዳዬ ላይ ሳሉ አጎበጠው። ከእግሬ ሥር የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ አነሳና አፉን ጠረገበት። ጨርቁ ነጭ ነበር። ደሙን እኔም አየሁ፣ እሷም አየች። ሙሜ ጨርቁን ጨብጦ ኪሱ ሊከት ሲል እትዬ ብርቄ እጁን ያዘችው።

«ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«አልሄድም። ጓደኞቼ ከሰሙ አብረውኝ አይሸከሙም። ከቤትም ያስወጡኛል። ሰባት ሆነን ነው አንድ ክፍል የተከራየነው።»

«አንተ ዝም ብትል ሳንባህ ዝም ይላል?» አለችውና ሽርጧን ፈታ በሩን ቆለፈች። እትዬ ብርቄ በሥራ ቀን በር ስትቆልፍ ያኔ ገና ማየቴ ነው። ባጃጅ ጠርታ ይዛው ሄደች።

የሳንባ ነቀርሳ ሆነ። ይድናል፣ ግን ለወራት ሳይቋረጥ የሚዋጥ መድኃኒት አለው ተባለ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ደግሞ ሲጋራውን እንዲተው መከረችው። እትዬ ብርቄ አብረውት የሚኖሩትን ስድስቱን ሰዎች አንድ በአንድ ለምና ለምርመራ ወሰደቻቸው። ማንም ከቤት አላስወጣውም። እስኪያገግም ከባድ ጭነት አይነካም ተብሎ የመኪና ወረፋ አስከባሪ አደረጉት። ይሄን ሁሉ እሷ ስትጨርስ እኔ ከስፌት መኪናዬ ቀና አላልኩም ብል ይቀላል።

መድኃኒቱ ተስማማው። ፊቱ መለስ አለ። ከዚያ በድንገት ጠፋ። ጤና ጣቢያም መሄድ አቆመ፣ መናኸሪያም አልመጣ አለ። እትዬ ብርቄ አንድ ሁለት ቀን ጠብቃ፣ «ኑሬ ተነስ» አለችኝ። ከዳገቱ ሥር ያለው የኪራይ ክፍላቸው ድረስ ሄድን። ሙሜን ፍራሹ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ክፍሉ በሲጋራ ታፍኗል።

«መድኃኒቱን ለምን ተውክ?» አለችው።

የያዘውን ሲጋራ መሬት ላይ አጠፋ። በኋላ፣ «ሲስተሯ በሄድኩ ቁጥር ሲጋራ አቆምክ ወይ ትለኛለች። ሦስት ቀን አቁሜ ነበር። ከዚያ ሐሊማ ልጁ ታመመ ብላ ደወለች። አጨስኩ። ሲስተሯ ጥሩ ሴት ናት፤ ለእሷ መዋሸት አፈርኩ፤ እውነቱን መናገርም አፈርኩ» አለ።

እትዬ ብርቄ ምንም ምክር አልሰጠችውም። «ተነስና ሻይ ጠጣ» ብላ ይዛው ተመለሰች።

ሻይ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ጫኞቹ አሉ። ከበደ የሚባል የኢሱዙ ሾፌር በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ምላሱ ግን አያርፍም። ወይዘሮ አስካለም ስኳር ልትገዛ መጥታ ቆማለች። አስካለና እትዬ ብርቄ በአንድ የማርያም ማኅበር ይጠጣሉ፤ በሰፈሩ የአስካለ ቃል የሚፈራ ነው።

ሙሜ የጠፋበት ምክንያት በክፍል ጓደኞቹ በኩል ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ከበደ ሙሜን ሲያየው ሲጋራውን እያቦነነ፣ «ሰው ከቆረጠ በአንድ ቀን ያቆማል። የወንድነት ጉዳይ ነው» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ሙሜ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ ሳይቀምሰው አስቀመጠና ሊወጣ ብድግ አለ።

«ሙሜ፣ ተቀመጥ» አለች እትዬ ብርቄ። ከባንኮኒው ጀርባ ነበረች። ሽርጧ ኪስ ውስጥ እጇን ከተተችና የተጀመረ ፓኮ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ይሄ የሚሸጠው አይደለም። ይሄ የእኔ ነው።»

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። እሷ ድምፅዋን ሳታነሳ ቀጠለች።

«ተስፋዬ ታሞ በተኛበት ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባሌን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ግንበኛ ነበር፤ ያ እጅ ክብሪት መጫር አቃተው። በእኔ አፍ እለኩስና አፉ ላይ አደርግለታለሁ። እሱን ከቀበርኩ በኋላ የቤት ኪራይ ተጨመረብኝ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ውለው ሲመለሱ ምን እንደማቀርብላቸው አላውቅም። አንድ ቀን ከጓሮ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ከእሱ የተረፈችውን ለኮስኩ። ያቺ አንድ ሲጋራ እስክታልቅ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጨሳለሁ። ዛሬ ጠዋትም አጭሻለሁ።»

ቅርንፉዱ ያኔ ገባኝ። ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል፤ አንድ ቀን አልጠረጠርኩም። እንደ ጭሮ ባለ ከተማ ሴት ልጅ፣ ያውም የማኅበር ሴት፣ ታጨሳለች ከተባለ ስሟ የሚያልፍበትን መንገድ ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። አስካለ የስኳሩን ላስቲክ እንደያዘች ቆማ ትሰማለች። እትዬ ብርቄ አስካለን አይታታለች። አይታት ነው የተናገረችው።

«አንቺም ታጨሻለሽ፣ አዳዳ?» አለ ሙሜ በቀስታ።

«አጨሳለሁ። ስንት ጊዜ አቁሜ ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ሲስተሯ ስትጠይቅህ፣ አቁሜ ነበር፣ ተመለስኩ በላት። መድኃኒቱን ግን ትውጣለህ። ሲጋራውን ሌላ ቀን እንታገለዋለን፤ መድኃኒቱ ሌላ ቀን አይጠብቅህም። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ። እኔንም ትጠይቀኝ።»

ከበደ ሲጋራውን ጫማው ሥር አጠፋና ወጣ። አስካለም ወጣች።

በማግሥቱ ሁለቱ አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተሯ ሙሜን አልተቆጣችውም። መምጣቱ እንዳስደሰታት ነግራ መድኃኒቱን አስጀመረችው። ከዚያ ሁለቱንም አስቀምጣ ሲጋራ የሚያምራቸው መቼ መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሙሜ «ሲርበኝና ከቤት ስልክ ሲደወል» አለ። እትዬ ብርቄ «የኪራይ ቀን ሲደርስ» አለች። ባዶ ሆድ እንዳይውሉ፣ ባማራቸው ሰዓት እጃቸውን ሥራ እንዲያስይዙ፣ ብቻቸውን እንዳይቀመጡ መከረቻቸው። ይህን የነገረችኝ ራሷ እትዬ ብርቄ ናት። እየሳቀች ነበር፤ «ስንት ዓመት ሰውን ምን ሆንክ ስል ኖሬ፣ እኔን ምን ሆንሽ ያለችኝ እሷ ናት» አለችኝ።

ያን ሳምንት የቀሩትን ፓኮዎች ለአከፋፋዩ መለሰች። እኔ ደነገጥኩ። «ልጆችሽን በምን ታሳድጊያለሽ?» አልኳት። «በዚህ ሳሳድጋቸው ኖሬያለሁ፤ እንግዲህ በሌላ እሞክራለሁ» አለች። ከበደም ከማዶ እየተሻገረ፣ «ሲጋራ እንደሆነ ከመንገዱ ወዲያ ይሸጣል። ምን ለወጥሽ?» ይላታል። «እዚያ ድረስ ስትሄድ ምናልባት ሐሳብህን ትቀይራለህ» ትለዋለች።

በሲጋራው ቦታ ስኳር ድንችና ኦቾሎኒ ቀቅላ ማቅረብ ጀመረች። ሁለቱም እዚሁ ሐረርጌ የሚበቅሉ፣ ርካሽና የሚያጠግቡ ናቸው። ትልቁን ድስት ማለዳ ጥዳ ጫኞቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ታደርሳለች። መጀመሪያ ላይ ገቢዋ ክፉኛ ወደቀ። የጆሮ ጌጧ ጠፍቶ ሳይ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኋትም። ቀስ በቀስ ግን ጫኞቹ ጠዋት ጠዋት መሰብሰብ ለመዱ። ሥራ የጠፋ ቀን እንኳ በልተው ስለሚውሉ ያ ሲጋራ መቀባበል ቀነሰ። ሁሉም አቆሙ አልልም። ገሚሱ ከማዶ እየገዛ ቀጥሏል። ከበደ እስከ ዛሬ ያጨሳል፤ ግን ሳይበላ ለኩሶ አያውቅም። ያም የእሷ ሥራ ነው።

ማኅበሩ ግን አልማራትም። አስካለ በጽዋው ዕለት በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ «ሲጋራ የያዘ እጅ የማርያምን ጽዋ አይይዝም። ልጆችሽ እንዴት ቀና ብለው ይሄዳሉ?» ብላ እንደተናገረቻት ሰማሁ። እትዬ ብርቄ የመለሰችው፣ «እውነትሽን ነው፣ አጭሻለሁ። እየተውኩ ነው» ብቻ ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ ለወራት ሳይጠሯት ቀሩ። እሷ ዳቦዋን ደፍታ ለቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነዳያን ትሰጥና ትመለሳለች። ስለ አስካለ ክፉ ቃል ስትናገር አልሰማኋትም።

መተዉ ቀላል አልሆነላትም። እጇ ይቅበጠበጥና ብርጭቆ ትሰብራለች። በሆነ ባልሆነው ትቆጣለች፤ እኔንም የስፌት መኪናህ ጮኸብኝ ብላ ተቆጥታኛለች። አከራዩ እንደገና ኪራይ ጨምሩ ባለ ሰሞን ሙሜ ሻይ ሊጠጣ ሲገባ፣ «ትናንት አጨስኩ» አለችው። ሙሜ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «እኔ ከትናንት ወዲያ» አላት። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እንደገና ጀመሩ። እንደገና የመጀመር ነገር አይሰለቻትም ነበር። ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበራት፤ «የወደቀ ሰው ቶሎ ይንገረኝ፤ ያልነገረኝን ሰው ነው የምፈራለት።»

ሙሜ መድኃኒቱን ጨርሶ ነጻ ነህ ሲባል ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። እትዬ ብርቄ ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። ሲጋራውንም በመጨረሻ ተወ። ዝናቡ የተሻለ ዓመት ወደ ቦኬ ተመለሰ። እሷም ተወች። ብዙ ዓመት ሳትነካው ኖረች። ሳንባዋ ግን ቀድሞ ተጎድቶ ኖሯል። ባለፈው ዓመት ትንፋሽ ያጥራት ጀመር፤ ሆስፒታል ተመላለሰች። ድስቱን ትግስት ትጥዳለች፣ እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ ሰው ታናግራለች። አንድ ቀን፣ «ይቆጭሻል?» አልኳት። «ማጨሴ ይቆጨኛል። መናገሬ አይቆጨኝም» አለችኝ።

ከዚያ ስልክ በኋላ ወደ ጭሮ ተመልሼ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። በማግሥቱ ቀበርናት። የመናኸሪያው ጫኞች ሥራ አቁመው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዳገቱን ይዘዋት ወጡ። እኛ ሙስሊሞቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመን ጠበቅን። ሙሜ ከሐሊማና ከልጁ ጋር ከቦኬ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል።

ወደ ድንኳኑ ስንመለስ ንፍሮ የምታድለው አስካለ ናት። ዓይኗ አብጧል። ለሙሜና ለቤተሰቡ ሰጥታ እኔ ጋ ስትደርስ ሳህኑን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ኑሬ፣ ልጄን ዳዊትን ታውቀዋለህ» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ተመርቆ ሥራ አጥቶ እቤት ተቀምጦ በነበረበት ጊዜ ያጨስ ነበር። እኔ አላውቅም። ያን ጊዜ ከእሷ ነበር የሚገዛው። ማቆሙንም ከእሷ ጋር ነው ያቆመው። ራሱ የነገረኝ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «በማኅበሩ መሐል ልጆችሽ እንዴት ቀና ብለው ይሄዳሉ ስላት፣ የእኔ ልጅ በዚያው ሳምንት ሲጋራ ሊተው እሷ ጋ ይመላለስ ነበር። ታውቃለች። አንድ ቃል ብትመልስልኝ አንገቴን የምደፋው እኔ ነበርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ።»

  ዓይኗን ጠርጋ ሳህኑን አነሳችና ጫኞቹ ወደተቀመጡበት አግዳሚ ሄደች።